ሰባት ቀን ከብርሃን ጋር፦ የአርሲ ነገሌ የጉዞ ማስታወሻ



«አርሲ ነገሌ ልንሄድ ነው» ብለን ስንናገር ከወዳጆቻችን አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ። የከተማይቱ ስም በየአገሩ የሚነሣው ከአረቄ ጋር ነውና «ለሙስሊም ቤተሰብ መጽሔት ከዚያ ምን ወሬ ይገኛል?» ማለታቸው ነበር። እኛ ግን የተነሣነው ለሌላ ጉዳይ ነው። የከተማይቱ ተወላጅ የሆነ አንድ የፊዚክስ መምህር በክረምቱ ዕረፍት ልጆችን ሰብስቦ ለአንድ ሳምንት ስለ ብርሃንና ስለ ማየት ሊያስተምር መሆኑን ነግሮን፣ «መጥታችሁ እዩልኝ» ስላለን፣ ከዝግጅት ክፍላችን ሁለት ሆነን ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ማለዳ ከአዲስ አበባ ወጣን። የሄድነው ልጆች ሲማሩ ለማየት ነበር። የተመለስነው ግን እኛ ወላጆች ልጆቻችንን እንዴት እንደምናይ እያሰብን ነው።

በሐይቆቹ መካከል

ከአዲስ አበባ አርሲ ነገሌ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሞጆ ታጥፈን መቂን፣ የቀድሞዋን ዝዋይ የዛሬዋን ባቱን፣ አዳሚ ቱሉንና ቡልቡላን አለፍን። መቂ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ባቱ ላይ ዓሣ በመንገዱ ዳር ይሸጣል። ከቡልቡላ በኋላ መንገዱ በሁለት ሐይቆች መካከል ያልፋል፤ በግራ ላንጋኖ፣ በቀኝ አቢጃታ። ከዚያ የግራሩ ዛፍ እየሳሳ፣ አገሩ ከፍ እያለ ይሄዳል። ነገሌ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የቆላው ሙቀት ወደ ኋላ ይቀርና ጋቢ የሚያሰኝ ነፋስ ይቀበላል። ሻሸመኔ ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትቀር ነው።

በዋናው መንገድ ላይ ባጃጁ፣ የአህያ ጋሪው፣ ድንች የጫነው አይሱዙ ይተራመሳል። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። መምህሩ መንገድ ላይ ወጥቶ «አካም ጅርቱ?» እያለ ተቀበለን፤ ከእናቱ ቤት ጩኮና እርጎ ቀረበልን። ከዙህር ሶላት በኋላም ትምህርቱ የሚሰጥበትን ቦታ አሳየን። በአንድ መስጊድ ግቢ ውስጥ ያለ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ የመድረሳ ክፍል ነው።

በአገራችን ክረምትን ለሳይንስ ማዋል እንግዳ ነገር አይደለም። በቢሾፍቱ ፎቃ በተባለው ቦታ ያለው የሳይንስ ማዕከል፣ እንዲሁም እንደ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት ተማሪዎችን እየተቀበሉ በቤተ ሙከራ ያስተምራሉ። የእኛ መምህር ያሰበው ግን እዚያ ለመድረስ ዕድል ላላገኙት የሠፈሩ ልጆች ነው። ዕቃዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ አሳየን፦ ባዶ ካርቶኖች፣ መርፌ፣ ከፀጉር አስተካካይ የተለመነ የተሰበረ መስተዋት፣ የውኃ ፕላስቲክ፣ የእጅ ባትሪ፣ ነጭ አንሶላ። «ይኸው ቤተ ሙከራችን!» አለና ሳቀ።

የቆርቆሮው ቀዳዳ

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ 26 ልጆች ተሰበሰቡ፤ 12ቱ ሴቶች ናቸው። ሁሉም ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማሩ ናቸው። ትምህርቱ በኦሮምኛ ነው፤ መምህሩ ለእኛ አልፎ አልፎ በአማርኛ ይመልስልናል። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ወደ ጣሪያው ማመልከት ነበር። ቆርቆሮው የአሮጌ ሚስማር ቀዳዳዎች አሉት። ከነዚያ የሚገባው የፀሐይ ብርሃን ወለሉ ላይ ክብ ክብ ነጠብጣብ ሠርቷል። ማናችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ያየነው ነገር ነው።

«ቀዳዳዎቹ ምን ዓይነት ናቸው?» ሲል ጠየቀ። አንድ ልጅ ወንበር ላይ ወጥቶ ተመለከተ። አንዱ ስንጥቅ ነው፣ አንዱ ሦስት ማዕዘን ይመስላል፣ አንዱ የተቦጨቀ ነው። «ታዲያ ወለሉ ላይ ያለው ሁሉ ለምን ክብ ሆነ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኛም ዝም አልን፤ ምክንያቱም አናውቀውም ነበር። መልሱ እንዲህ ነው፦ ወለሉ ላይ የምናየው የቀዳዳው ቅርጽ ሳይሆን የፀሐይ ምስል ነው። ፀሐይ ክብ ስለሆነች ምስሏም ክብ ይሆናል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ፀሐይ በጨረቃ በተጋረደች ጊዜ በየቆርቆሮው ቀዳዳና በየዛፉ ቅጠል ሥር የወረደው ብርሃን እንደ ማጭድ የጎበጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ሲሰሙ ሁለት ሦስት ልጆች «አይተናል!» ብለው ጮኹ።

ከዚያ መስኮቶቹ በብርድ ልብስና በጥቁር ፕላስቲክ ተሸፈኑ። በአንዱ መስኮት ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ብቻ ቀረች፤ በፊት ለፊቷ አንሶላው ተወጠረ። ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ቆየን። ቀስ በቀስ የውጭው መንገድ አንሶላው ላይ ብቅ አለ፤ ግን ተገልብጦ። ሰማዩ ከታች፣ መሬቱ ከላይ ነው። የአህያ ጋሪ ሲያልፍ አህያው እግሩን ወደ ላይ ሰቅሎ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲሄድ ታየ። የልጆቹ ሳቅና ጩኸት መስጊድ ድረስ ስለተሰማ ሸኹ «ምን ሆናችሁ?» ብለው መጡ፤ ገብተው አዩ፤ «ሱብሃነላህ!» አሉና ከልጆቹ ጋር ቁጭ አሉ።

ምስጢሩ ብርሃን በቀጥታ መስመር መሄዱ ነው። ከጋሪው ላይኛው ክፍል የሚመጣው ብርሃን በቀዳዳዋ አልፎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታችኛው የሚመጣው ወደ ላይ ይወጣል። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ካሜራ ሥራው ከዚህ ይነሣል። «ካሜራ» የሚለው ቃል ራሱ በላቲን «ክፍል» ማለት ነው።

የባስራው ሊቅና የእኛ ጎርፍ

ይህን ጨለማ ክፍል ለሳይንስ ምርመራ ከተጠቀሙበት ሊቃውንት ግንባር ቀደሙ ሙስሊም ነው። አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብኑል ሀይሰም በ354 ሒጅራ፣ ማለትም በ965 እ.ኤ.አ. ገደማ በባስራ ተወለደ። ከእርሱ በፊት እንደ ኢዩክሊድና ቶለሚ ያሉ የጥንት ሊቃውንት ሰው የሚያየው ከዓይኑ ጨረር እየወጣ ነገሮችን ስለሚነካ ነው ይሉ ነበር። ኢብኑል ሀይሰም ይህን አልተቀበለም። ፀሐይን የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚጎዳው ብርሃኑ ወደ ዓይን ስለሚገባ እንጂ ከዓይን ስለሚወጣ አለመሆኑን አስረዳ።

ክርክር ብቻም አላበቃውም፤ ፈተሸ። ብዙ መብራቶችን ከአንዲት ቀዳዳ ውጭ በተለያየ ቦታ አስቀምጦ ጨለማው ክፍል ውስጥ ግድግዳውን ተመለከተ። በመብራቶቹ ቁጥር ልክ የብርሃን ነጥቦች ታዩ። አንዱን መብራት ሲጋርድ የእርሱ ነጥብ ብቻ ጠፋ። በዚህም ብርሃኖች በአንድ ቀዳዳ ሲያልፉ እንደማይደባለቁ፣ እያንዳንዱም ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ አሳየ። የእኛ ልጆች ይህንኑ በሦስት የእጅ ባትሪ ደገሙት፤ ከሺህ ዓመት በኋላ በነገሌም ያው ሆነ።

ለኢትዮጵያውያን ደግሞ በታሪኩ ውስጥ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ኢብኑል ሀይሰም ወደ ግብፅ የሄደው የዓባይን ጎርፍ መቆጣጠር እችላለሁ በማለቱ ነበር። ኸሊፋው አል-ሓኪም አስጠራው፤ እስከ አስዋን ተጉዞ ወንዙን ሲያይ ግን በዘመኑ መሣሪያ የማይቻል መሆኑን ተረዳ። የኸሊፋውን ቁጣ ፈርቶ ያበደ መሰለ፤ አል-ሓኪም በ411 ሒጅራ (1021 እ.ኤ.አ.) እስኪሞትም በቤት ውስጥ ተዘግቶ ተቀመጠ። ሰባት ክፍል ያለው «ኪታቡል መናዚር» የተሰኘው መጽሐፉ የተጻፈው በነዚያ ዓመታት አካባቢ ነው። ያ ያሸነፈው ጎርፍ በብዛት የሚነሣው በክረምት ከኢትዮጵያ ተራሮች ነው። መምህሩ ይህን ሲናገር ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ፤ ልጆቹም ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

መጽሐፉ በ1200 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ገባ፤ በ1572ም ባዝል ላይ ታተመ። የተባበሩት መንግሥታት 2015 እ.ኤ.አ.ን የብርሃን ዓመት ብሎ ሲሰይም ከታሰቡት ሊቃውንት አንዱ እርሱ ነበር። በየዓመቱ ሜይ 16ም የብርሃን ቀን ሆኖ ይከበራል።

የሀጂው መነጽር

ማክሰኞ ሐምሌ 8 ቀን ከባድ ዝናብ ሆነ፤ ከቤት ሳንወጣ ተማርን። ልጆቹ በሲኒ ሥር ሳንቲም አስቀምጠው፣ ሳንቲሙ ከዓይናቸው እስኪሰወር ድረስ ወደ ኋላ ሸሹ። ከዚያ ጓደኛቸው ውኃ ሲያፈስበት ማንም ሳይነካው ሳንቲሙ ተመልሶ ታየ። ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲወጣ መንገዱ ይሰበራልና። ይህንን የመሰበር ሕግ በ984 እ.ኤ.አ. ገደማ በባግዳድ የነበረው ኢብን ሳህል ለሌንስ ሥራ ተጠቅሞበታል።

ቀጥሎ የመስጊዱ ጎረቤት የሆኑ አንድ አረጋዊ ሀጂ የቁርአን ማንበቢያ መነጽራቸውን አዋሱን። መነጽሩ መካከሉ እብጥ ያለ ሌንስ ነው። ልጆቹ በየተራ አደረጉት፤ የቅርቡ ፊደል ሰፋ፣ የሩቁ ሁሉ ተድበሰበሰ። ይህን መነጽር ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከልጆቹ መካከል አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ስሟን አንጠቅስም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ሆኖም ከሰሌዳው ሳይሆን ከጓደኛዋ ደብተር ትገለብጣለች። ስትጠየቅ አንገቷን ትደፋለች። ሰው ሲያናግራት ዓይኗን ታጠባለች። ከሌሎቹ እንደሰማነው ሁለት ዓመት ውጤቷ ወርዶ፣ አባቷ «ትምህርት አይገባትም፤ ከእንግዲህ ሱቅ ትቀመጥ» ብለው ቆርጠዋል። ወደዚህ ትምህርትም የመጣችው እናቷ ለምነውላት ነው።

ጥላና ቂብላ

ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦት 19 ወይም 20 እና በሐምሌ 8 ወይም 9 ቀን፣ በትክክል ከካዕባ አናት ላይ ትውላለች። የሐምሌው ሰዓት ከቀኑ 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ነው፤ የመካና የእኛ ሰዓት አንድ ስለሆነ መደመርም መቀነስም የለበትም። በዚያች ቅጽበት በየትኛውም አገር ሆኖ ወደ ፀሐይ የዞረ ሰው ፊቱን ወደ ቂብላ አዙሯል ማለት ነው።

ማክሰኞ ዝናቡ ከለከለን። ልጆቹ አዘኑ። መምህሩ ግን የፀሐይ መንገድ ከቀን ወደ ቀን የሚለወጠው በጥቂቱ ስለሆነ ረቡዕም እንደሚሠራ ነገራቸው። ረቡዕ ሐምሌ 9 ቀን ጠዋቱን ደመና ነበር፤ ከ6 ሰዓት በኋላ ሰማዩ ተከፈተ። በመስጊዱ ግቢ አንድ ሜትር የሚሆን ዘንግ በውኃ ልክ ቀጥ አድርገው ተክለዋል። አንዱ ልጅ የሞባይል ሰዓት ይዞ ደቂቃውን ይጠራል፣ ሌላዋ ኖራ ይዛ ተዘጋጅታለች። በሰዓቱ የጥላው ጫፍ ላይ ምልክት ተደረገ። ጥላው አጭር ነበር፣ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል፤ የወደቀውም ወደ ደቡብ ነው። ከጥላው ጫፍ ወደ ዘንጉ ሥር የተሰመረው መስመር ወደ ሰሜን፣ በጣም በትንሹ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። የነገሌ ቂብላ ይኸው ነው።

ልጆቹ ክር ወጥረው መስመሩን እስከ መስጊዱ ግድግዳ አደረሱት። መስጊዱን የሠሩት አባቶች ኮምፓስም ስልክም አልነበራቸውም። የግድግዳውና የክሩ ልዩነት ከአንድ ስንዝር አልበለጠም። ሸኹ ምንም ሳይናገሩ ክሩን በጣታቸው እየዳሰሱ ከዳር እስከ ዳር ሄዱ፤ ከዚያ ለሠሩት ሰዎች ዱዓ አደረጉ። የዐስር ሶላት ወቅት በጥላ ርዝመት እንደሚታወቅ ሁላችንም ተምረናል። ሙስሊም ከጥንት ጀምሮ ብርሃንንና ጥላን ሲለካ የኖረ መሆኑን ግን እዚያ ግቢ ቆመን ነው በእርግጥ የተረዳነው።

በመርፌ የተበሳ ወረቀት

ሐሙስ የዓይን ቀን ነበር። መምህሩ ዓይን ራሱ ጨለማ ክፍል መሆኑን አስረዳ። የዓይን ብሌን ቀዳዳው ነው፣ ከኋላው ሌንስ አለ፣ ከዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለው ስስ ሽፋን ደግሞ እንደ አንሶላው ምስሉን ይቀበላል። እዚያም ምስሉ የተገለበጠ ነው፤ አቃንቶ የሚረዳው አእምሮ ነው። ሌንሱ ብርሃኑን በትክክል ሽፋኑ ላይ ካላገናኘው የሚታየው ነገር ይደበዝዛል።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚወርዱ አምስት መስመር ፊደሎች ጻፈ። ልጆቹ በየተራ ከኋላ ግድግዳ ቆመው አንድ ዓይናቸውን ሸፍነው አነበቡ። አብዛኞቹ እስከ አምስተኛው ደረሱ። የልጅቱ ተራ ሲደርስ የመጀመሪያውን መስመር አነበበች፣ ሁለተኛውን ተንተባተበች፣ በሦስተኛው ዝም አለች። አንዳንዶቹ መሳቅ ሲጀምሩ መምህሩ በዓይኑ ገሠጻቸው። የሀጂውን መነጽር ሰጣት፤ ባሰባት። «የመጀመሪያውም ጠፋኝ» አለች።

ያን ጊዜ መምህሩ አንድ ጥቁር ወረቀት በመርፌ በሳና ሰጣት። «በዚህች ቀዳዳ እዪ፣ ልጄ።»

ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ጥቂት ቆየች። ከዚያ ሦስተኛውን መስመር አነበበች። አራተኛውንም ደገመች። ከአምስተኛውም ሁለት ፊደል ጠራች። ወረቀቱን አወረደች፤ መልሳ አነሣች። ከዚያ ወደ ጓደኞቿ ዘወር ብላ «እናንተ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታዩት?» ብላ ጠየቀች።

የመለሰላት ሰው አልነበረም።

ነገሩ አስማት አይደለም። ዓይን ሲደበዝዝበት ከአንድ ነጥብ የሚመጣው ብርሃን ተበትኖ ስለሚያርፍ ነው። ጠባብ ቀዳዳ የተበተነውን ከልክላ ቀጭኑን ብቻ ስለምታሳልፍ ምስሉ ይጠራል። ልጅቱ ዓይኗን ታጠብ የነበረው ለዚሁ ነው፤ ሳታውቀው በሽፋሽፍቷ ቀዳዳ ትሠራ ነበር። ሐኪሞችም ይህን ዘዴ ይጠቀሙበታል፦ በቀዳዳው እይታው ከተሻሻለ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ በመነጽር የሚስተካከል ነው፤ ካልተሻሻለ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። የእርሷ ዓይን ቅርቡን እንጂ ሩቁን የማያይ ነው። የሚያስፈልጋትም ከሀጂው በተቃራኒ መካከሉ ጎድጎድ ያለ ሌንስ ነው።

ከጁሙዓ በኋላ

አርብ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ መምህሩ የልጅቱን አባት «ሀጂ፣ ለአምስት ደቂቃ ይግቡልኝ» ብሎ ወደ ክፍሉ ይዟቸው ገባ። እህል ነጋዴ ናቸው፤ የሚቸኩሉ ይመስሉ ነበር። መምህሩ ስለ ልጅቱ አንዲት ቃል ሳይናገር የአረጋዊውን መነጽር አቀበላቸውና ከኋላ ግድግዳ አቆማቸው።

«ሰሌዳውን ያንብቡልኝ።»

«ኧረ በርሲሳ፣ በዚህ ምን ይታያል? ጭጋግ ነው እንጂ!» አሉ። በርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው።

«ልጅዎ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰሌዳውን ያየችው እንዲህ ነው፣ ሀጂ።»

መነጽሩን አላወለቁም። የተበሳውን ወረቀት ከመነጽሩ ፊት እንዲያደርጉ ነገራቸው፤ አደረጉ፤ ፊደሎቹ ታዩአቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ብዙ ከቆዩ በኋላ «በየቀኑ ተቆጣኋት። አንድ ቀን እንኳ ምን ይታይሻል ብዬ አልጠየቅኋትም» አሉ። ልጅቱ በር ላይ ቆማ ነበር። አባትየው ወደ እርሷ ሄደው እጃቸውን በራሷ ላይ አደረጉ። እኛም ወደ ውጭ ወጣን፤ የቤተሰብ ነገር ነውና።

የውኃው ቀለምና የሰማይ መቀነት

ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ አቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ወረድን። ከኮረብታው ላይ ሆነው ሁለቱን ሐይቆች ማየት ይቻላል። ሻላ 266 ሜትር የሚደርስ ጥልቀት ያለው ነው፤ ከላይ ሲያዩት ጥቁር ሰማያዊ ነው። ውኃ ቀዩን ብርሃን ስለሚውጥና ሰማያዊውን ስለሚመልስ፣ ጥልቅ በሆነ ቁጥር ሰማያዊነቱ ይበረታል፤ ሰማዩም ይንጸባረቅበታል። በእጅ ሲዘግኑት ግን ሳሙና እንደነካው ውኃ ያሟልጫል፤ ሶዳማ ነውና። በዳርቻው ፍል ውኃ ይፈልቃል። አቢጃታ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ውኃው ባለፉት አሥርት ዓመታት እጅግ ሸሽቶ ነጭ ሜዳ ትቷል፤ ይህም ልጆቹን አሳዘናቸው። ፍላሚንጎ የተባሉት ወፎች ሮዝ ቀለማቸውን የሚያገኙት ከሚመገቡት ደቃቅ የውኃ ተክል መሆኑንም እዚያው ተማሩ።

በመመለሻችን ላንጋኖ ወርደን ውኃውን በፕላስቲክ ቀዳን። ላንጋኖ ቡናማ የሚሆነው ቆሻሻ ስለሆነ ሳይሆን ቶሎ የማይረጋ እጅግ ደቃቅ ሸክላ ስላዘለ ነው። የእጅ ባትሪ ስናበራበት ብርሃኑ ከጥቂት ጣት በላይ አልሄደም።

ወደ ነገሌ ስንወጣ 11 ሰዓት ገደማ ካፊያ ጀመረ፤ ፀሐይም ከበስተምዕራብ፣ ከሐይቆቹ በኩል ብቅ አለች። ወዲያው በምሥራቅ፣ በአርሲ ተራሮች ላይ ቀስተ ደመና ተዘረጋ። ኦሮምኛው «ሰበታ ዋቃ» ይለዋል፣ የሰማይ መቀነት እንደማለት። መምህሩ መኪናውን አስቆመና «ጀርባችሁን ለማን ሰጥታችኋል?» አለ። «ለፀሐይ!» አሉ። ቀስተ ደመና ሁልጊዜ ከፀሐይ በተቃራኒ ይታያል፤ ፀሐይ ከ42 ዲግሪ በላይ ከፍ ካለችም ከመሬት ሆኖ የሚያይ ሰው አያገኘውም። ስለዚህ ነው በእኩለ ቀን የማናየው። ይህን ለመረዳት በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከማሉዲን አል-ፋሪሲ የተባለው ሊቅ ውኃ የተሞላ የብርጭቆ ሉል በጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ መርምሯል። ብርሃን በጠብታው ሲገባ እንደሚሰበር፣ በውስጧ እንደሚንጸባረቅ፣ ሲወጣም ዳግም እንደሚሰበር አሳየ። መነሻው የኢብኑል ሀይሰም መጽሐፍ ነበር።

ልጅቱ የተበሳ ወረቀቷን ከኪሷ አውጥታ ወደ ተራራው አየች። «ዳሩ ላይ ሐምራዊ አለ» አለች።

ለወላጆች የምንለው

እሑድ ተሰናብተን ተመለስን። ሰኞ ዕለት አባትየው ልጃቸውን ወደ ዓይን ሐኪም ወሰዷት፤ ተለክታ መነጽር ታዘዘላት። መምህሩ ስልክ ደውሎ እንደነገረን በመስከረም ተመዝግባ ትምህርቷን ቀጥላለች። ውጤቷ ምን እንደሚሆን አላህ ያውቃል። ሰሌዳውን ግን ታየዋለች፤ አልሐምዱሊላህ።

ውድ አንባቢያን፣ በቁርአን ውስጥ 24ኛው ሱራ «አን-ኑር» ተብሎ በብርሃን ስም ተጠርቷል። ሊቃውንቶቻችን ብርሃንን የመረመሩት የአላህን ፍጥረት ማወቅ ዒባዳ መሆኑን አውቀው ነው። ከእነርሱ የምንወርሰው በስማቸው መኩራትን ብቻ ከሆነ ግን ጥቂት ወረስን። ኢብኑል ሀይሰም ሰው ሁሉ ያመነበትን ነገር ሳይፈትሽ አልተቀበለም። እኛ ደግሞ «ይህ ልጅ ሰነፍ ነው፣ ይህች ልጅ አይገባትም» የሚለውን ፍርድ ሳንፈትሽ እናጸድቃለን።

ስለዚህ ልጅዎ ዓይኑን የሚያጠብ፣ ቁርአኑን ወይም ደብተሩን አፍንጫው ድረስ የሚያስጠጋ፣ ከሰሌዳ ይልቅ ከጓደኛው የሚገለብጥ፣ ራሱን ቶሎ ቶሎ የሚያመው ከሆነ፣ ከመቆጣትዎ በፊት በርቀት ፊደል ያስነብቡት። ወረቀት በመርፌ ብሱና ልዩነቱን እዩ። በወረቀቱም ሆነ በማንኛውም ሌንስ ፀሐይን እንዳያይ ግን አጥብቃችሁ ከልክሉ። የተበሳው ወረቀት ፍንጭ ይሰጣል እንጂ መነጽርን አይተካም፤ ከመንገድ ላይ የተገዛ መነጽርም ልኬት አይሆንም፤ ወደ ዓይን ሐኪም ውሰዱት። የዓይን ሕመም ሁሉ በመነጽር አይድንም፤ በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከበዛባቸው አገሮች ኢትዮጵያ ቀዳሚዋ ናትና የሚቀላ፣ የሚያለቅስ ዓይንም ቸል አይባል፤ የልጆች ፊት በንጹሕ ውኃ መታጠብ ከዚህ በሽታ መከላከያዎች አንዱ ነው።

ያቺ በመርፌ የተበሳች ወረቀት ዛሬ በዝግጅት ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ ትገኛለች፤ ልጅቱ መነጽሯን ካገኘች በኋላ በመምህሩ እጅ የላከችልን ናት። አላህ የልጆቻችንን ዓይንና ቀልብ ያብራልን፤ ለእኛም እነርሱን የምናይበት ዓይን ይስጠን። አሚን።